የማይመዘገብ አየር፦ በቡልቡላና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የአየር ብክለት ክትትል ላይ የቀረበ ሂስ

ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ባቱንና አዳሚ ቱሉን አለፍ ብላ የምትገኘው ቡልቡላ ስሟን የምትጋራው የዝዋይን ሐይቅ ውኃ ወደ አብጃታ ከሚያደርሰው ወንዝ ጋር ነው። መንገደኛ ለብዙ ዘመን አካባቢውን የሚያውቀው በግራር ዛፎቹና ከግራሩ ከስሎ በጆንያ እየተደረደረ በመንገድ ዳር በሚሸጠው ከሰል ነበር። በ2013 ዓ.ም. ግን የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀባት። በሀገሪቱ በመጀመሪያ ከታቀዱት አራት መሰል ፓርኮች የኦሮሚያ ድርሻ ይኸው የቡልቡላው ሲሆን፣ ሌሎቹ የቡሬ፣ የይርጋዓለምና የባዕከር ናቸው። ከፓርኩ በፊትም አካባቢው ከኢንዱስትሪ ንክኪ የራቀ አልነበረም። በሰሜን በአዳሚ ቱሉ የፀረ ተባይ ማዘጋጃ፣ በደቡብ በአብጃታ ዳርቻ የሶዳ አሽ ፋብሪካ፣ በምሥራቅ በአሉቶ ተራራ ላይ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ማመንጫ ተተክለዋል። በመካከላቸው የሚያልፈው ጎዳና ደግሞ የሀገሪቱን ደቡብ ከመሐል የሚያገናኝ፣ እስከ ሞያሌ ድንበር የሚዘልቅ የጭነት መሥመር ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚያድግ ሕፃን በየቀኑ ወደ ሳንባው የሚያስገባው ምን ያህል ብናኝ ነው? ቡልቡላ በይፋ የሚታተም ተከታታይ የአየር ጥራት መዝገብ ያላት ከተማ ስላልሆነች ጥያቄው መልስ የለውም። የዚህ ሂስ ዓላማ የቡልቡላ አየር ተበክሏል ብሎ መክሰስ አይደለም፤ ለክሱም ሆነ ለመከላከያው ማስረጃ የሚሆን ቁጥር የለምና። ሂሱ የሚያነጣጥረው ቁጥሩ እንዳይኖር ባደረገው አሠራር ላይ ነው።

ሕጉ የለም ማለት አይቻልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖርን የሰው ሁሉ መብት አድርጎ ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የአየር ጥራት ደረጃ እንዲወጣ፣ ከፋብሪካም ከተሽከርካሪም የሚወጣው ልቀት ወሰን እንዲኖረው ያዛል። ከዚህም አልፎ ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በቀጥታ የእርሱ መሆኑን ማሳየት ሳያስፈልገው በበካዩ ላይ አቤቱታ የማቅረብ መብት ይሰጠዋል፤ አቤቱታው በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ካልረካ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ሊወስደው ይችላል። ይህ ድንጋጌ በዓለም ላይ ከሚገኙት የዚህ ዓይነት ሕጎች ጋር ሲነጻጸር ለጋስ ነው። ይሁን እንጂ የቡልቡላ ነዋሪ ይህን መብቱን ይዞ ችሎት ፊት ቢቆም ምን ይዞ ይቀርባል? «ጠዋት ጠዋት ይሸታል፤ ልጆቹ ያስላሉ» ከማለት በቀር ማቅረብ የሚችለው ማስረጃ የለውም። ፋብሪካው ግን በ2001 ዓ.ም. በወጣው የኢንዱስትሪ ብክለት መከላከያ ደንብ መሠረት ራሱ ለክቶ፣ ራሱ መዝግቦ፣ ራሱ ያዘጋጀውን ሪፖርት ይዞ ይቀርባል። አንደኛው ወገን ብቻ ሚዛን የያዘበት ገበያ ምን ዓይነት እንደሚሆን ለማንም ግልጽ ነው። ፋብሪካው ራሱን እንዲከታተል መገደዱ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ ስሕተት የሚሆነው ከአጥሩ ውጭ ሌላ የሚለካ በማይኖርበት ጊዜ ነው።

ስለ ደረጃው ራሱም ሊባል የሚገባው አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት ጋር ያዘጋጀው መመሪያ ለደቃቅ ብናኝ፣ ማለትም ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን ለማይበልጠው፣ በዓመት አማካይ 15፣ በ24 ሰዓት አማካይ 65 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ፈቅዷል። ቁጥሮቹ በዘመኑ ከነበረው የአሜሪካ ደረጃ ጋር አንድ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2005 ዓመታዊውን ወሰን 10፣ በ2021 ደግሞ 5 አድርሶታል፤ የ24 ሰዓቱን ደግሞ 15። ብዙ ተቺዎች የሚያተኩሩት በዚህ ልዩነት ላይ ሲሆን፣ መመሪያው ላልቷል፣ ይጥበቅ ይላሉ። ትችቱ እውነት ቢሆንም ዋናው ነገር አይደለም። ማንም የማይለካው ወሰን ጠበቀ አልጠበቀ ለሳንባ ለውጥ አያመጣም። ደረጃውን ከ15 ወደ 5 ማውረድ አንድ ብዕርና አንድ ስብሰባ ይበቃዋል፤ አንድ መለኪያ በቡልቡላ ተክሎ ለ10 ዓመት ማሠራት ግን ማጣሪያ፣ መብራት፣ መለዋወጫና በየሳምንቱ የሚመላለስ ባለሙያ ይጠይቃል። የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ታሪክም የሚያጽናና አይደለም። ባለሥልጣን የነበረው በ2005 ዓ.ም. ሚኒስቴር፣ በ2011 ኮሚሽን፣ በ2014 ዳግመኛ ባለሥልጣን ሆኗል። የስም ሰሌዳ በተለወጠ ቁጥር ተከታታይ መዝገብ የሚባለው ነገር የመጀመሪያው ተጎጂ መሆኑን በየትኛውም መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል።

የሀገሪቱ የአየር ጥራት ዕውቀት ከሞላ ጎደል የአዲስ አበባ ዕውቀት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2016 በከተማዋ ለአንድ ዓመት የተካሄደ የናሙና ጥናት የደቃቅ ብናኙን አማካይ 54 ማይክሮግራም ገደማ አግኝቶታል፤ ከአሁኑ የዓለም ጤና ድርጅት ዓመታዊ ወሰን ከ10 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከ2016 ጀምሮ በአሜሪካ ኤምባሲና በአንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የተተከሉት መሣሪያዎች በየሰዓቱ የለኩትን ለሕዝብ ሲያሳዩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025፣ የካቲት 2017 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በዓለም ዙሪያ ከኤምባሲዎቹ የሚገኘውን መረጃ ማሰራጨቱን አቆመ። አንድ የውጭ መንግሥት በራሱ በጀት ምክንያት ባሳለፈው ውሳኔ የአንድ ሀገር ዋና ከተማ ከዋነኛ የአየር መረጃ ምንጮቿ አንዱን በአንድ ቀን አጣች። የተዋሱት ሚዛን ባለቤቱ ሲፈልገው ይወስደዋል፤ ለዘጠኝ ዓመታት ያህል ጎን ለጎን የራስን አለመትከል ግን የባለቤቱ ጥፋት አይደለም።

የአዲስ አበባው ቁጥር ቢቀጥል ኖሮም ለቡልቡላ አይበጃትም ነበር። ተራራ ላይ ያለች የብዙ ሚሊዮን ሰው ከተማና በስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ያለች አነስተኛ ከተማ የሚተነፍሱት አንድ ዓይነት አየር አይደለም። የሸለቆው አፈር የእሳተ ገሞራ አመድ የበዛበትና በበጋ በቀላሉ የሚነሣ ነው። አብጃታ እየሸሸ የተወው ጨዋማ ወለል ነፋስ ሲመጣ ይቦናል። አሉቶ ከሰው ሥራ ውጭ በራሱ ተፈጥሮ እንፋሎትና ጋዝ ያወጣል። በበጋ ሌሊት ከግራና ቀኝ ያለው ቀዝቃዛ አየር ከዳገቱ እየወረደ ሸለቆው ወለል ላይ ይተኛል፤ ሞቃቱ አየር ከላይ ሆኖ እንደ ምጣድ አክንባሎ ይደፋበታል። በዚያን ጊዜ የሌሊቱ ጭስ፣ የከሰሉም፣ የማድቤቱም፣ የተሳቢ መኪናውም፣ መውጫ አጥቶ ፀሐይ እስክትበረታ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ ይቆያል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ሲነሣ አቧራው ተራውን ይይዛል። በእኩለ ቀን መጥቶ ለጥቂት ሰዓት ለክቶ የሚመለስ የቁጥጥር ቡድን ከእነዚህ ከሁለቱም ሰዓቶች አንዱንም ላያገኝ ይችላል።

ይህ አካባቢ ባልተለካ ነገር የተጎዳበት ታሪክ አለውና እርሱን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከአዳማ ጥቂት ራቅ ብሎ በወንጂ፣ የኔዘርላንዱ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. የሀገሪቱን የመጀመሪያ ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ ሲያስጀምር፣ ለሠራተኞቹ መንደሮች ከጉድጓድ የተቀዳ ውኃ ቀረበ። ውኃው ጥሩና ንጹሕ መስሎ የሚታይ ነበር። በውስጡ የነበረው ፍሎራይድ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቅደው 1.5 ሚሊግራም በሊትር እጅግ የላቀ ነበር። በመጀመሪያ ምልክቱን ያሳዩት የልጆቹ ጥርሶች ናቸው። ከዓመታት በኋላ በአገዳው እርሻ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰዎች አከርካሪ ደረቀ፣ ጀርባ ጎበጠ፣ መገጣጠሚያ አልታጠፍ አለ፤ በአንዳንዶቹም የኅብለ ሰረሰር መጨፍለቅ እግር እስከማሽመድመድ ደረሰ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው የበሽታውን ገጽታና የፍሎራይዱን ስርጭት በስምጥ ሸለቆ ውኃዎች ውስጥ አጥንተው ለዓለም ሲያሳውቁ፣ ለብዙዎቹ ታማሚዎች ዘግይቶ ነበር። የአጥንት ፍሎሮሲስ በራጅ ላይ በግልጽ ከታየ በኋላ ወደ ነበረበት አይመለስም።

በወንጂ መለኪያ መሣሪያው የሰው አጥንት ነበር ማለት ይቻላል። በውኃና በአየር መካከል ግን ለሐኪም ትልቅ ትርጉም ያለው አንድ ልዩነት አለ። የወንጂ ጉድጓድ ከ30 ዓመት በኋላም እዚያው ነበር። ተመራማሪው ጠርሙስ ይዞ ሄዶ፣ ቀድቶ፣ መርምሮ ሰዎቹ ምን ሲጠጡ እንደኖሩ ማወቅ ቻለ። አየር እንዲህ ዓይነት ዕድል አይሰጥም። በ2013 ዓ.ም. ፓርኩ በተመረቀበት ዓመት የቡልቡላ ሕፃናት የተነፈሱት አየር የለም፤ የትም ሄዶ ሊቀዳ አይችልም። ከ20 ዓመት በኋላ አንድ የሳንባ ሐኪም በአካባቢው ሥር የሰደደ የአየር ቧንቧ ጥበት ለምን እንደበዛ ለማወቅ ቢነሣ፣ ፓርኩ ሳይሞላ በፊት የነበረውን መነሻ መጠን የሚነግረው ማንም አይኖርም። የመነሻ ልኬት የሚወሰደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጭስ ማውጫዎቹ ሁሉ ሥራ ከጀመሩ በኋላ የሚወሰደው መነሻ አይባልም።

ንጹሕ አየርን መለካት ገንዘብ ማባከን የሚመስላቸው አሉ። በአሜሪካ በስድስት ከተሞች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመው የሃርቫርድ ጥናት ለዚህ በቂ መልስ ነው። ጥናቱ 8,111 ጎልማሶችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታትሎ፣ በጣም በተበከለችው የብረት ከተማ በስቱበንቪል የሞት መጠኑ ንጹሕ አየር ካላት ከትንሿ ፖርቴጅ በ26 በመቶ እንደሚበልጥ አሳየ። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሠራባቸው የደቃቅ ብናኝ ወሰኖች ከመሠረቶቻቸው አንዱ ይህ ጥናት ነው። ጥናቱን ጥናት ያደረገችው ስቱበንቪል ብቻ አይደለችም። ሞት የበዛበት ከተማ መኖሩን ማንም ያውቅ ነበር፤ ከምን እንደበለጠ ያሳየችው ግን ምንም ያልነበረባት ፖርቴጅ ናት፤ እዚያም መለኪያ የተከለ ሰው ነበርና።

ሳተላይት አለ፣ መሬት ላይ መትከል ለምን አስፈለገ የሚል መከራከሪያም ይሰማል። ሳተላይት ከላይ እስከ ታች ያለውን የአየር ዓምድ በጥቅሉ ያያል፤ በሰው አፍንጫ ከፍታ ላይ ያለውን ለይቶ አይነግርም። እ.ኤ.አ. በ2017 ከመጠቁት ዘመናውያን አንዱ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድን ስርጭት በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ስፋት ያሳያል፤ ቡልቡላን ከነፓርኳ ከነጎዳናዋ በአንድ ነጥብ ይጠቀልላታል። በቀን የሚያልፈውም አንድ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሆነ የንጋቱን ጭስ አያገኘውም። ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆኑት ሴንሰሮች የተሻለ ተስፋ ይሰጣሉ። የዑጋንዳው የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በራሱ የሠራቸውን በካምፓላና በሌሎች ከተሞች ማሠማራቱ ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጥሩ አርአያ ነው። ነገር ግን እነዚህ መሣሪያዎች ብናኝን የሚቆጥሩት በብርሃን ነጸብራቅ ሲሆን፣ ለጭስ ደቃቅ ብናኝ ጥሩ፣ ለአቧራ ሻካራ ብናኝ ደካማ ናቸው። አቧራ በበዛበት ስምጥ ሸለቆ ከመመዘኛ መሣሪያ ጎን ተቀምጠው ካልታረሙ አየሩን ከሆነው በላይ ንጹሕ አድርገው ያሳያሉ፤ ይህ ደግሞ ካለመለካት የባሰ ነው። በፊልተር ላይ የተሰበሰበ ብናኝ መመዘን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሆነ መመርመርም ይቻላል፦ ጥላሸቱ ከናፍጣ ይሁን ከእንጨት፣ አቧራው ከመንገድ ይሁን ከሐይቁ ወለል። ያለዚህ ምርመራ ፋብሪካው በነፋስ፣ መንገዱ በማድቤት እያሳበበ ይኖራል።

ስለ ነፋስ ከተነሣ አንድ ነገር ሳይጠቀስ አይታለፍም። በአዳማ ዙሪያ ያለው ነፋስ በኢትዮጵያ በሚገባ ከተጠኑት አንዱ ነው። 51 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ አንድና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው አዳማ ሁለት የተተከሉት ፍጥነቱና አቅጣጫው በጥንቃቄ ተለክቶ ነው። ነፋሱ ኤሌክትሪክ ሲሆን በኪሎ ዋት ይቆጠራል፤ ይዞት የሚመጣው ግን አይቆጠርም።

ተሽከርካሪን በሚመለከት መንግሥት የወሰዳቸው እርምጃዎች ቀላል አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው የባቡር መሥመርም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። ሆኖም ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የወረደ ዕቃ ወደ ደቡብ የሚጓዘው በናፍጣ ከባድ መኪና ነው። የናፍጣ ጭስን የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች መድቦታል። በዓመት አንድ ቀን ለቦሎ የሚደረግ ምርመራ መኪናው በቀሪዎቹ ቀናት ጭነት ተሸክሞ ሲወጣ የሚተፋውን አይናገርም። መንገድ ዳር ላይ በየሰዓቱ የሚመዘግብ አንድ መሣሪያ ግን ይናገራል።

ሂሱ ለሕክምናው ሙያም የሚደርስ ነው፤ በእርግጥ ከሁሉ ይልቅ ለእርሱ ይደርሳል። በጤና ጣቢያ የተመላላሽ ሕሙማን መዝገብ ላይ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌና ምርመራ ይጻፋሉ። ሕመምተኛው ከመንገዱ በስንት ሜትር እንደሚኖር፣ በምን እንደሚያበስል፣ የት እንደሚሠራ የሚጽፍ ሐኪም ጥቂት ነው። በየበጋው የሚበዛው ሳል «ብርድ ነው» ተብሎ አሞክሲሲሊን ይታዘዝለታል። ልብና አንጎልም በደቃቅ ብናኝ እንደሚጎዱ ሳይንስ ካረጋገጠ ቆይቷል፤ የስትሮክ ሕመምተኛን ግን ስለሚተነፍሰው አየር የሚጠይቀው የለም። ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት በየወሩ የሳንባ ምችንና የአስምን ቁጥር ከየጤና ተቋሙ ይሰበስባል፤ ከጎኑ የሚቀመጥ የአየር ቁጥር ስለሌለ ግን ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። ኅዳር 12 ቀን፣ በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ መታሰቢያ ሆኖ በአዲስ አበባና በሌሎችም ከተሞች ቆሻሻ እየተሰበሰበ ሲታጠን፣ በማግሥቱ ስንት አስመኛ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንደሚመጣ መቁጠር ለማንኛውም ሆስፒታል ከባድ ሥራ አልነበረም። በሽታን ለማባረር የሚነደው ጭስ ምን ያህል በሽታ እንደሚያመጣ ከሐኪም በቀር ማን ሊያጠናው ይችላል?

ከባድ የሆነው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ከ10 የኢትዮጵያ ቤተሰቦች 9 ያህሉ በማገዶ፣ በከሰል ወይም በኩበት በሚያበስሉባት ሀገር፣ ሴቶችና ሕፃናት በማድቤት ጭስ እየታፈኑ፣ ገበሬው ቲማቲሙን የሚረከበው ፋብሪካ ሲያገኝ፣ ለወጣቱ ሥራ ሲከፈት፣ የፋብሪካን ጭስ መቁጠር ቅንጦት አይሆንም ወይ? ተቃውሞው እውነት አለው። ምናልባትም ልኬቱ ቢጀመር በቡልቡላ አየር ውስጥ የፓርኩ ድርሻ ከማድቤቱም ከከሰሉም ከመንገዱም ያነሰ ሆኖ ይገኝ ይሆናል። እንዲህ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠቀመው ባለፋብሪካው ራሱ ነው፤ ሥራውም ከፓርኩ አጥር ወደ ምድጃው ይዞራል። ልኬቱ የሚፈለገው በፋብሪካ ላይ ለመፍረድ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ገዳይ መቅደም እንዳለበት ለማወቅም ነው።

ደቡብ አፍሪካ በዚህ ረገድ የሄደችበት መንገድ ትምህርት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የአየር ጥራት ሕግ ከአንድ ማዘጋጃ ቤት የሚያልፍ ብክለትን እንደ ወንዝ ተፋሰስ በአንድነት የሚታይ የአየር ተፋሰስ አድርጋ፣ በ2006 የቫልን ሦስት ማዕዘን፣ በ2007 የሃይቬልድን አካባቢ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ብላ ሰየመች። ስያሜው ብቻውን ጭሱን አላቆመውም። ሆኖም በአካባቢው የመለኪያ ጣቢያዎች ስለነበሩ፣ የሲቪክ ማኅበራት ቁጥሩን ይዘው ችሎት ቀረቡ፤ የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2022 የሃይቬልድ አየር የነዋሪውን ሕገ መንግሥታዊ መብት የጣሰ መሆኑን ፈረደ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትና አዋጅ ቁጥር 300 ለተመሳሳይ ክርክር በቂ ቃል አላቸው፤ የጎደለው ጣቢያው ነው።

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ያለውን ሸለቆ አንድ የአየር ተፋሰስ አድርጎ ለመመልከት ብዙ አያስፈልግም። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱና በቡልቡላ የተተከሉ ጥቂት ጣቢያዎች፣ ፊልተር የሚመዝንና የሚመረምር የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ፣ ውጤቱን ከየወሩ የሕሙማን ቁጥር ጎን የሚያስቀምጥ የጤና ጽሕፈት ቤት ይበቃሉ። አዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም፣ የሕክምና ኮሌጅ ያለው ሆስፒታልም አላት። በቡልቡላ ከሚተከሉት አንዱ ከፓርኩ በነፋስ መምጫ በኩል፣ አንዱ በነፋስ መሄጃ በኩል፣ ሦስተኛው በትምህርት ቤት ግቢ፣ ከማድቤት ጭስና ከጎዳናው ራቅ ብሎ፣ ሰው በሚተነፍስበት ከፍታ ላይ መሆን ይኖርበታል። ጊዜው ከጥቅምት በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ጭሱን ወለል ላይ ማስተኛት የሚጀምረው ያን ጊዜ ነውና።